በአበልጄ ስም የገዛሁት መኪና

ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ አንዳንዶቻችሁ መኪና አላችሁ፤ ወረቀት ሲሰጧችሁም አንብባችሁ ትፈርማላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ሳላነብ ስለፈረምሁባት አንዲት ቅዳሜና አንዲት እሑድ ነው። ዛሬ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል፤ የጎረቤቶቼን ስም እያቀያየርሁ የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። እነዚያን ሁለት ቀናት ግን ከነጭቃቸው አስታውሳቸዋለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነበር። እኔ ጎንደር ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለች ሁለት ክፍል ቤት የምኖር የእንቁላልና የማር ነጋዴ ነበርሁ። ተማሪ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ሀ ከሁ አልለይም። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ታሞ ሲሞት አንዲት ልጅ ተወልኝ፣ ስመኝ ትባላለች። በሕይወት ሳለ አዘዞ ሜዳ እየወሰደ ከሥሯ ትራስ አድርጎ መሪ ያስይዛት ነበር። «ምነው፣ ለሴት ልጅ መሪ?» ሲሉት፣ «መሪው ማነሽ ብሎ አይጠይቃት» ይላቸዋል። ነፍሱን ይማረውና ሳቂታ ሰው ነበር።

ስመኝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ማትሪክ ተፈተነች፤ ነጥቡ ለጥቂት አልሞላም። አንድ ወር ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ከዚያ ተነሥታ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ፎቶዋ የተለጠፈበትን ደብተር ስንት ጊዜ ገልጣ እንዳየችው እግዜር ይወቀው። ያን ጊዜ በከተማው መኪና የምትነዳ ሴት በጣት የምትቆጠር ናት።

«እማዬ፣ ከአይከል የምታመጭው እንቁላል በጋሪ ሲንገጫገጭ ግማሹ ይሰበራል» አለችኝ። «ትንሽ መኪና ብትኖረን እኔ ለሆቴሎቹ አደርሳለሁ። ሥራ ሆነልኝ ማለት አይደል?»

እውነቷን ነበር። ጭልጋ ያለው ወንድሜ ጋ የነበሩንን ከብቶች ሸጥሁና የባለቤቴ ጓደኛ የሆነው አያ ደምሴ ዘንድ ሄድን። አያ ደምሴ በአዘዞ መንገድ ጋራዥ ያለው ሜካኒክ ነው። የሚሸጡ ሦስት መኪናዎች አሳየን፤ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር፣ አንዲት አዲስ መሳይ ቀይ ፊያት፣ አንዲት ደግሞ ሴይቼንቶ የሚሏት ከሁሉ ያነሰች አመድማ መኪና።

«የቱ ነው ሸጋው?» አልሁት።

«ሸጋውንማ ልጅሽ መርጣዋለች» አለ። ዞር ስል ስመኝ የቀይዋን መኪና መስታወት በነጠላዋ ትወለውላለች።

«እንግዲያስ እሷን እንውሰዳ።»

«ቆይ እንጂ አዛለች። መኪና ስትገዢ መጀመሪያ ኢንሹራንሷ ስንት ይበላል ብለሽ ነው የምትጠይቂ። መኪናዋን አንዴ ትገዣታለሽ፤ ኢንሹራንሱን ግን በየዓመቱ ነው።»

«ኢንሹራንስ ደሞ ምንድን ነው?»

«ልጅሽ ሰው ብትገጭ የሚክስልሽ ዋስ በይው።»

«በስመ አብ!» ብዬ አማተብሁ። «አፍህን!»

«ማማተቡም ሸጋ ነው፤ ቢሮው ግን አይቀበለውም» አለና ሳቀ። ከዚያ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ላንድሮቨሩ ሞተሩ ትልቅ ስለሆነ ክፍያው ይከብዳል። ቀይዋ ዋጋዋ ውድ ስለሆነ መድኗም ውድ ነው። ሴይቼንቶዋ ግን ትንሽ ናት፣ አሮጌ ናት፣ ብትሮጥም የትም አትደርስ፤ ለጀማሪ ነጅ ከሷ የሚሻል የለም።

ስመኝ ሰምታ መጣች። «አያ ደምሴ፣ ይቺኮ የዶሮ ቆጥ ናት!»

«እንቁላል አይደል የምትጭኝባት?» አላት።

ከት ብለን ሳቅን፤ ሴይቼንቶዋ ተገዛች። ከሻጩ ጋር የተዋዋልሁት እኔ ነኝ፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ውሉ ላይ አሳረፍሁ። አያ ደምሴ ምስክር ሆነ፤ ውሉም እሱ ዘንድ ተቀመጠ።

የመድን ቢሮው ጋ ስንደርስ ነው ነገር የመጣው። ጸሐፊው የስመኝን መንጃ ፈቃድ አየና፣ «ዕድሜዋ ገና ነው፣ መንጃ ፈቃዷም ትኩስ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ነጅ ጭማሪ አለው» አለን። መኪናዋን በርካሽነቷ መርጠን ጭማሪው ክፍያዋን ከቀይዋ ጋር እኩል አደረገው። አንገታችንን ደፍተን ወጣን።

በዚያው ማታ ሲስተር ጥሩዓለም ቤቴ መጣች። ሲስተር የሐኪም ቤት ነርስ ናት፤ ስመኝ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ክርስትና ያነሣቻት እሷ ናት። በኛ አገር አበልጅ ከእኅት ይበልጣል። እኅት በወላጅ ትመጣለች፤ አበልጅን ግን መርጠሽ፣ ቤተ ክርስቲያን አቁመሽ ነው የምታመጫት። አበልጅ አበልጁን አይከስም፣ አይመሰክርበትም፤ እንዲያ ስንባል አደግን። ሲስተር ድሮ ለክትባት ገጠር ስትወርድ መንዳት ተምራ መንጃ ፈቃድ ነበራት።

«ይኸን ያህል ምን አስጨነቃችሁ?» አለች። «መኪናዋ በኔ ስም ትውጣ፣ ነጇም እኔ ነኝ ልበል። ጭማሪው ይቀራል።»

«ሲስተርዬ፣ ውሸት አይሆንም?»

«የልጄ መኪና የኔ አይደለችም? ማንን ሰረቅን? ደሞ በኔና ባንቺ መሀል ወረቀት ምን ያደርጋል?»

ልሸሽጋችሁ አልችልም፣ ደስ አለኝ። በአበልጅነታችን ላይ ወረቀት መጠየቅ እንደ ስድብ ይቆጠራልና አንዲት ብጣሽ እንኳ አላስጻፍሁም። ሊብሬው በሲስተር ስም ወጣ፤ መድኑም እሷ ነጅ ተብላ ተጻፈ። ስመኝ ብቻ ትንሽ ቅር ብሏት፣ «እማዬ፣ ስሜ የትም የለም እኮ» አለች። «ቁልፉ እጅሽ አለ አይደል?» አልኋት።

አራት ወር ሸጋ ሆኖ ሄደ። እንቁላሌ መሰበሩን ተወ። የሰፈር ጎረምሶች መጀመሪያ «ቆጧ መጣች!» እያሉ ይሳለቁ ነበር፤ ኋላ ግን ሽቅብ ስታቅታት የሚገፏት እነሱው ሆኑ።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። ቅዳሜ ጧት ነበር፣ ዝናቡ አባርቷል፣ መንገዱ ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ስመኝ ማር ጭና ወደ ቀሐ ወንዝ ቁልቁል ስትወርድ ከወዲያ አንድ ገበሬ በበቅሎ ወደ ገበያ ይመጣል። በቅሎዋ ደንብራ መሀል መንገድ ገባች። ስመኝ ፍሬን ያዘች፤ ጎማው ግን ጭቃው ላይ ተንሸራትቶ ከበቅሎዋ ጋር አጋጫት። ሰውየው ወደቀ፣ እግሩ ተሰበረ። ልጄ አልሸሸችም። አንድ መንገደኛ አገዛትና አቅፈው መኪናዋ ውስጥ አስገቡት፤ ማሩን መንገድ ላይ አራግፋ ቀጥታ ሐኪም ቤት አደረሰችው።

እኔ ተነግሮኝ እየሮጥሁ ስደርስ ተረኛዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ሲስተር ጥሩዓለም። ነጭ ገዋኗን ለብሳ የሰውየውን እግር በእንጨት ታስራለች። ስመኝ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ቀሚሷ ደም ነክቶታል።

«አይዞሽ ልጄ» አለቻት ሲስተር። «እግር ነው፣ ይድናል። ኢንሹራንስ አለን።»

«አለን» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ገበሬው የትክል ድንጋይ ሰው ነው፣ አያ ወርቁ ይባላል። ሥቃዩ ውስጥ ሆኖ፣ «ልጅቱን አትጩሁባት፤ በቅሎዬ ናት ያበደችው» አለ። «ባታደርሰኝማ እዚያው ጭቃ ላይ ነበርሁ።»

ከቀትር በኋላ ፖሊስ ስመኝን ለቃል ወሰዳት። እኔም ተከተልሁ። መቶ አለቃው ሰነዱን እያገላበጠ፣ «ሊብሬው የሲስተር ጥሩዓለም ነው። ነጅ የተባለችውም እሷ ናት። አንቺ በምን ሥልጣን ነዳሽ?» አላት።

«መኪናዋ የእናቴ ናት። በክርስትና እናቴ ስም ያወጣነው ለኢንሹራንሱ ነው» አለች ልጄ፣ እውነቷን።

«ባለቤቷ ትጠራ» አለ።

ሲስተር መጣች። እኔ ከአግዳሚው ብድግ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ አላየችኝም። ገዋኗን አውልቃ ጥቁር ኮት ለብሳለች። መቶ አለቃው፣ «ጓድ፣ ይቺ ልጅ መኪናሽን የነዳችው በፈቃድሽ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ሲስተር ጉሮሮዋን ጠረገች። «ለአደራ እነሱ ግቢ አቆማት ነበር» አለች። «ቁልፉን ሳታስፈቅደኝ ነው የወሰደችው።»

ልጆቼ፣ የሰማሁትን አላመንሁም። ቃሉ ወደ ሌላ ሰው የተነገረ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ስመኝ ግን አልጮኸችም፤ «እትዬ?» ብቻ አለች፣ እንደ ሕፃን።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባል የለ? እኔ ወድቄም መውደቄን አላወቅሁም። ስትወጣ ደጃፍ ላይ ክንዷን ያዝሁ። «አበልጄ፣ ምን ሆንሽ? ማን አስፈራራሽ?»

«አዛለች፣ ስሚኝ» አለች ዝቅ ብላ። «ለትምህርት ቡልጋሪያ ልሄድ ስሜ ወጥቷል። የመንግሥትን መሥሪያ ቤት ዋሽታ አስፈረመች ከተባልሁ ትምህርቱም ሥራዬም ቀረ። ስመኝ ገና ልጅ ናት፤ ይተዋታል። ነገ እመጣና ይቅር ብያታለሁ እላለሁ።»

«ልጄን ሌባ ብለሻት?»

«ሌባ አላልሁም» አለች። እውነትም ቃሉን አላወጣችውም ነበር።

ስመኝ እዚያው አደረች። እኔ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ጥሬና ውሃ ይዤ ጣቢያው ደጃፍ ነበርሁ። አያ ደምሴን ልጠራ ጋራዥ ብሄድ አይከል የተበላሸ አውቶብስ ሊሠራ ሄዷል፣ ሰኞ ነው የሚመለሰው አሉኝ። ውሉን የት እንዳስቀመጠው የሚያውቅ የለም። ተመልሼ ለስመኝ በበሩ ቀዳዳ ነገርኋት።

«እማዬ» አለችኝ፣ «እስከ ሰኞ እችላለሁ። አያ ደምሴ ውሉን ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ይታያል። እስከዚያ ማንም ምንም ቢልሽ እንዳትፈርሚ። ማይልኝ።»

«ማርያምን» አልሁ።

ረፋድ ላይ ሲስተር መጣች። መቶ አለቃውም ሁለታችንን ቢሮ አስገባን። ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ባለመኪናዋ ስርቆት ብላ አትከስም፤ ይቅር ትላለች። መድኑ ያያ ወርቁን ሕክምና ይከፍላል። ልጅቱ ዛሬውኑ ትፈታለች። እናት ግን ልጇ ያለ ፈቃድ መውሰዷን አምና ትፈርም።

«ካልፈረምሁስ?»

«ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እስኪታይ ወደ ወህኒ ትወርዳለች» አለ።

ወህኒ! በዚያን ዘመን ገብቶ የቀረውን ሰው ስም የማያውቅ ቤት ነበር? ሲስተር ወረቀቱን በገዛ እጇ ጻፈችው፤ ጽሕፈቷ የታወቀ ነው፣ የሐኪም ቤቱን ማስታወቂያ ሁሉ እሷ ናት የምትጽፈው። ከዚያ አነበበችልኝ፤ «ልጄ ስመኝ የሲስተር ጥሩዓለምን መኪና ሳታስፈቅድ ወስዳ መንዳቷን አምናለሁ።» ይኸው ነው የተነበበልኝ።

«ሲስተርዬ፣ ይኸኮ እውነት አይደለም» አልኋት።

«አንድ መስመር ናት፣ አዛለች። አንድ መስመርና ልጅሽ።»

የሰኞን መምጣት መጠበቅ ነበረብኝ። አንዲት ቀን ነበረች። ልጄ ራሷ እችላለሁ ብላለች። የማልችለው እኔ ነበርሁ። አውራ ጣቴን ሰጠሁ። ሲስተር ራሷ ቀለሙ ላይ አስነክታ ወረቀቱ ላይ ተጫነችው።

ስመኝን አመጧት። መቶ አለቃው ወረቀቱን ገፋላትና «አንብበሽ ከሥር ፈርሚ» አላት። አነበበች። ቆይታ አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን አስተያየት ዛሬም አልረሳውም።

«እማዬ፣ ይኸ ያንቺ ጣት ነው?»

«አዎ፣ ልጄ። ለመፈታትሽ ነው።»

ፈረመች። መቶ አለቃው መንጃ ፈቃዷን ከቦርሳዋ አውጥቶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። አንዱን የካርቦን ግልባጭ ለኔ ሰጡኝ፤ አጣጥፌ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርሁት።

ወደ ቤት ስንሄድ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። «ራበሽ?» ብላት፣ «አይ፣ አልራበኝም። እርስዎ ይብሉ» አለችኝ። ከጡት ጀምሮ አንቺ ስትለኝ የኖረች ልጅ!

ሰኞ አያ ደምሴ ውሉን ይዞ መጣ፤ ነገሩን ስነግረው ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለው። «ምነው አዛለች፣ ምነው አንድ ቀን?» አለ። ጣቢያ ሄዶም ነበር፤ «እናቷ አምናለች» ብለው መለሱት።

ሲስተር ቡልጋሪያ ሄደች። ሴይቼንቶዋን ከመሄዷ በፊት ሸጠቻት፤ ለማን እንደሸጠቻት አልጠየቅሁም፣ መንገድ ላይ ሳያት ፊቴን እመልስ ነበር። ስመኝንስ ያነሣት ማን መሰላችሁ? የሰበረችው ሰው። አያ ወርቁ በክራንች እያነከሰ ቤታችን ድረስ መጣና፣ «እኛ ዘንድ ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ይፈልጋሉ፤ እኔ አውቃታለሁ ብያለሁ» አላት። ትክል ድንጋይ ሄደች። በዓል ሲሆን ትመጣለች፣ ጉልበቴን ትስማለች፣ እርስዎ ትለኛለች፣ ትመለሳለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። እኔም ለአንዲት መስመር ይኸን ያህል ቂም ምነው እያልሁ በሆዴ አማኋት።

በሁለተኛው ዓመት መሠረተ ትምህርት ቀበሌያችን ውስጥ ተከፈተ። ከአርባ በላይ የሆንን ሴቶች አግዳሚ ላይ ተደርድረን ፊደል ቆጠርን። እርሳስ እጄ ላይ ከዘነዘና ከበደ፤ ግን ገባኝ። ማንበብ ስችል ያገኘሁትን ሁሉ አነብባለሁ፤ የስኳር ከረጢት፣ የሱቅ ታቤላ፣ የክብሪት ቀፎ። አንድ ቀን ሳጥኔን ስበረብር ያ ግልባጭ ወጣ። ላነበው ተቀመጥሁ።

የመጀመሪያው መስመር ሲስተር እንዳነበበችልኝ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ አለ። ጣቴን እያስኬድሁ ፊደል በፊደል ለቀምሁት። «ልጄ ከዚህ ቀደምም ከሲስተር ቤት ገንዘብና ዕቃ ስትሰርቅ የኖረች መሆኗን፣ እኔም እናቷ መክሬ ያቃተኝ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ከሥሩ የኔ አውራ ጣት፣ ከሱ ሥር የልጄ ፊርማ።

ምናልባት ነገሩ ዳግም ቢነሣ ማንም ስመኝን እንዳያምናት ብላ ይሆናል። አላውቅም። እኔ ግን ያች ጠዋት ልጄ ለምን ቆይታ እንዳነበበች ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ለአንዲት መስመር የፈረምሁ መስሎኝ ነበር። እሷ ደግሞ እናቴ ሌባ ብላኝ ጣቷን አኖረችብኝ እያለች ሁለት ዓመት ኖራለች።

በማግስቱ ትክል ድንጋይ በሚሄድ አውቶብስ ተሳፈርሁ። መንገድ ላይ ሁሉ የምላትን እደረድር ነበር፤ ልቤ በደስታ ይዘል ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አላውቅም ነበር፣ አልተነበበልኝም፣ ንጹሕ ነኝ ልላት ነው። ማኅበሩ ቢሮ ስደርስ የማዳበሪያ መዝገብ ላይ አጎንብሳለች። ወረቀቱን ከፊቷ ዘረጋሁና በጣቴ እየተከተልሁ፣ እየተንተባተብሁ፣ ሁለተኛውን መስመር ራሴ አነበብሁላት።

«ማንበብ ቻልሽ?» አለችኝ።

«ቻልሁ። ይኸን ግን ያን ቀን አላነበበችልኝም፣ ልጄ። በልጅነትሽ ደብዳቤዬን ሁሉ የምታነቢልኝ አንቺ አልነበርሽም? እንዴት አውቃለሁ?»

ብዕሯን አስቀመጠች። ዐይኗ እንባ ሞላ፤ እጄን ያዘችኝ፤ ያን እሑድ ቀለም የነካውን አውራ ጣቴን በአውራ ጣቷ አሻሸችው። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ ጣቷን አንሥታ የወረቀቱ አናት ላይ አኖረችው።

«የመጀመሪያውን መስመርስ፣ እማዬ? እሱ ተነቦልሽ ነበር።»

አንባቢዎቼ፣ ሰው ክህደትን ሲያወራ ሁልጊዜ የካደውን ሰው ነው የሚያወራ። እኔም አበልጄን ስረግም ብዙ ዓመት ኖርሁ፤ እርግማኑ ይገባት ይሆናል። ለልጆቻችሁ መኪና ስትገዙ መድኗ የማይከብዳችሁን ምረጡ፣ አያ ደምሴ እውነቱን ነበር። ጭማሪው ግን በዕድሜያቸው ከመጣ ክፈሉት፤ ስማቸው ስማቸው ሆኖ ይጻፍ። እኔ ጭማሪውን ሳልከፍል ቀረሁና የልጄን ስም ከራሷ መኪና ላይ አጠፋሁት፤ ቀጥሎ ደግሞ ከማይሆን ቦታ በጣቴ ጻፍሁት።

ስመኝ ዛሬ አግብታ ወልዳለች፤ አንቺ ትለኛለች፤ ክረምት ክረምት ልጆቿን ትልክልኛለች። መሪ ግን ከዚያ ወዲህ ነክታ አታውቅም። ባሏ መኪና አለው፤ ነይ ንጂ ሲላት «ልምዱ ጠፋኝ» ትለዋለች። ያን ቀን በቢሮዋ ለጠየቀችኝ ነገር ትክል ድንጋይ ቁጭ ብዬ እስኪመሽ አሰብሁ፤ አውቶብሱም ሄደብኝ። እንደፈራሁላት ልነግራት ፈለግሁ፤ ግን እሷ አልፈራችም ነበር። የፈራሁት ለራሴ ነው ማለት ነው። ይኸን እስካሁን ላንዴም አልነገርኋትም፤ ማንበብ ስለምታውቅ እዚህ ጻፍሁት።